በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ውስጥ የዘርና የጾታ እኩልነት፤ በግብረ ገብ ፍልስፍና ሚዛን

መግቢያ

«ስፖርት ለተማሪ መዝናኛ ነው እንጂ የጥናት ርእስ አይሆንም» የሚል አስተያየት በተማሪዎችም በመምህራንም ዘንድ አልፎ አልፎ ይሰማል። በዚህ አስተያየት መሠረት በሜዳ ላይ የሚደረገው ሁሉ ፊሽካ ሲነፋ የሚያበቃ ስለሆነ፥ ለታሪክ ጸሓፊም ሆነ ለፍልስፍና ተማሪ የሚተርፍ ቁም ነገር የለውም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። አንድ ኮሌጅ በቡድኑ ውስጥ ማንን እንደሚያሰልፍ፥ ማንን እንደሚያስቀርና የአዛዥነቱን ወንበር ለማን እንደሚሰጥ ስንመረምር፥ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት በመተዳደሪያ ደንቡ ከጻፈው ይልቅ በልቡ የሚያምነው ይገለጥልናል።

ለዚህ ምርመራ የመረጥነው የአሜሪካን ኮሌጆች ታሪክ ነው። የኮሌጅ ስፖርት በዚያ አገር ያለውን ያህል የሕዝብ ተመልካችና የገንዘብ ኃይል በሌላ አገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የዘርና የጾታ ክርክርም በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ብቻ ሳይሆን በሜዳ ላይ ጭምር በግልጽ የታየው በዚያ ነው። የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቀድሞ ተዘግቶ የነበረው በር ለጥቁር ተማሪዎችና ለሴቶች የተከፈተው በምን ምክንያት ነው? የተከፈተበት ምክንያትስ ከገቡ በኋላ ያገኙትን ቦታ እንዴት ወሰነው? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

የምንመዝንባቸው ሚዛኖች

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሚዛኖቻችንን በአጭሩ እናስተዋውቅ። የመጀመሪያው የጥቅም ሚዛን ነው። እንግሊዛውያኑ ጄረሚ ቤንታምና ጆን ስቱዋርት ሚል እንዳስተማሩት፥ አንድ ሥራ ደግ ወይም ክፉ የሚባለው ለብዙ ሰዎች በሚያስገኘው ደስታ ወይም በሚያመጣባቸው ጉዳት ነው። ሁለተኛው የክብር ሚዛን ነው። ጀርመናዊው ኢማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ሰው ሁልጊዜ በራሱ ዓላማ ሆኖ እንዲከበር እንጂ ለሌላው ሰው ዓላማ መሣሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይቆጠር ያዝዛል። ሦስተኛው የፍትሕ ሚዛን ነው። አሜሪካዊው ጆን ሮልስ በ1971 ስለ ፍትሕ ባሳተመው መጽሐፉ፥ በኅብረተሰብ ውስጥ የሀብት ልዩነት ቢኖር እንኳ ሹመትና ሥልጣን በእውነተኛ የዕድል እኩልነት ለሁሉ ክፍት መሆን እንዳለበት ያስረዳል።

ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ደግሞ አርስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ዋሽንት የሰጠው ምሳሌ አለ። በእርሱ አስተያየት ጥሩ ዋሽንት የሚገባው በዘሩ ለከበረው ወይም በመልኩ ላማረው ሳይሆን አሳምሮ ለሚነፋው ነው። ይህ ምሳሌ በመጨረሻ ስለሚያስፈልገን አንባብያን በልባቸው ይያዙት።

«የጨዋዎች ስምምነት»

በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮሌጆች ውድድር የሚባለው በ1852 የሃርቫርድና የዬል ተማሪዎች በኒው ሃምፕሺር በሚገኝ ሐይቅ ላይ ያደረጉት የጀልባ ቀዘፋ ነው። ወጪውን የቻለው መንገደኞችን ወደዚያ ለመሳብ የፈለገ የባቡር ኩባንያ ነበር። ስለዚህ የኮሌጅ ስፖርት ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ከንግድ ጋር እጅና ጓንት ሆኖ ኖሯል። በዚያ ዘመን ቀዛፊዎቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ በአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል ደግሞ የጥቁሮች ባርነት ገና አልተሻረም ነበር።

ባርነት ከተሻረ በኋላ በሰሜኑ ክፍል የሚገኙ አንዳንድ ኮሌጆች ጥቂት ጥቁር ተማሪዎችን በቡድኖቻቸው ውስጥ ማሰለፍ ጀመሩ። የደቡብ ኮሌጆች ግን ጥቁር ተጫዋች ካለበት ቡድን ጋር አንጫወትም ይሉ ስለ ነበር፥ ሰሜኖቹ ጥቁር ተጫዋቻቸውን ለዚያ ቀን እንዲያስቀሩ ይስማሙ ነበር። ይህ ያልተጻፈ ውል «የጨዋዎች ስምምነት» ይባል ነበር። ስሙና ግብሩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

በ1934 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከደቡቡ ጆርጂያ ቴክ ጋር ሊጫወት ሲል፥ ዊሊስ ዋርድ የተባለውን ጥቁር ተጫዋቹን ከሜዳ አስቀረ። ጆርጂያ ቴክም በለውጡ አንድ የራሱን ተጫዋች አስቀረ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሁለቱ ቡድኖች ኃይል እንዳይበላለጥ በጥንቃቄ ተመዝኗል፤ ለጨዋታው ፍትሕ ተደርጎለታል፤ ፍትሕ ያጣው ሰውዬው ብቻ ነው። ሚሺጋን 9 ለ 2 አሸነፈ። በዚያ ቀን ለሚሺጋን ከተጫወቱት ተማሪዎች አንዱ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄራልድ ፎርድ ነበሩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1940፥ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በሚዙሪ ለሚደረግ ጨዋታ ሌነርድ ቤትስ የተባለውን ጥቁር ተጫዋች ትቶ ሊሄድ መሆኑ ሲሰማ፥ ሁለት ሺህ ያህል ተማሪዎች ተሰልፈው ተቃወሙ። ቤትስ ግን ቀረ። በሚከተለው ዓመት ሰባት ተማሪዎች በዚሁ ጉዳይ የተቃውሞ ፊርማ በማሰባሰባቸው ከትምህርት ታገዱ። ዩኒቨርሲቲው ለእነዚህ ሰባት ሰዎች የክብር ሥነ ሥርዓት ያደረገላቸው በ2001፥ ማለት ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

የዚያን ጊዜ የኮሌጅ አስተዳዳሪዎችን ክርክር ብንመረምረው በጥቅም ሚዛን የተሠራ ሆኖ እናገኘዋለን። «አንድ ተጫዋች አንድ ቀን ቢቀር ጨዋታው ይደረጋል፤ ገቢው ይገኛል፤ ጠብም ይቀራል» የሚል ነው። የብዙዎቹ ደስታና የአንዱ ኀዘን ሲመዘን የአንዱ ቀለለ። ቤንታምና ሚል ይህን ያጸድቁ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ሚልማ በ1869 ስለ ሴቶች መገዛት ባሳተመው መጽሐፉ የሰውን ችሎታ አፍኖ ማስቀረት ኅብረተሰቡን ራሱን እንደሚጎዳ የተከራከረ ሰው ነው። ነገር ግን የጥቅም ሚዛን በአስተዳዳሪ እጅ ሲገባ፥ የሚመዝነው በቅርብ የሚታየውን ጥቅም ብቻ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ድል የከፈተው በር

በጥቅምት ወር 1951 በኦክላሆማ በተደረገ ጨዋታ፥ በአገሪቱ ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ የነበረው የድሬክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጆኒ ብራይት ኳሱን በማይዝበት ጊዜ በተቃራኒ ተጫዋች ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ። የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁኔታውን በተከታታይ ሥዕል ስላስቀሩት፥ ሥዕሎቹ በ1952 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኙ። የኮሌጆቹ ማኅበር ቅጣት ስላልወሰነ ድሬክ ከማኅበሩ ወጣ። ሜዳው የተገኘበት የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው። ብራይት ግን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም።

በ1963 ደግሞ የሚሲሲፒ ስቴት የቅርጫት ኳስ ቡድን ለአገር አቀፉ ውድድር በቃ። ይህ ቡድን በ1959፥ በ1961ና በ1962 በአካባቢው አንደኛ ሆኖ ሳለ፥ ጥቁሮች ካሉበት ቡድን ጋር እንዳይጋጠም ተብሎ ሦስት ጊዜ ከውድድሩ ቀርቶ ነበር። በአራተኛው ጊዜ ፕሬዚዳንቱና አሠልጣኙ የፍርድ ቤት እገዳ ሳይደርሳቸው ከግዛቱ ወጡ፤ ቡድኑም ወደ ሚሺጋን በረረ። በዚያም አራት ጥቁሮችን ካሰለፈው ከቺካጎው ሎዮላ ጋር ገጠመና 61 ለ 51 ተሸነፈ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ቡድኖች አምበሎች እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ሎዮላ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 1966፥ በኤል ፓሶ ከተማ የሚገኘው ቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ በዋንጫው ጨዋታ አምስት ጥቁሮችን አሰልፎ፥ ነጮችን ብቻ ያሰለፈውን የኬንታኪን ዩኒቨርሲቲ 72 ለ 65 አሸነፈ። አሠልጣኙ ዶን ሃስኪንስ በኋላ ሲጠየቁ፥ የፈለጉት ታሪክ ለመሥራት ሳይሆን ያሏቸውን ምርጥ ተጫዋቾች ለማሰለፍ ብቻ እንደ ነበር ገልጸዋል። በ1970 ደግሞ ጥቁሮች የሚገኙበት የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አላባማን በገዛ አገሩ 42 ለ 21 ሲረታ፥ ጥቁሮችን ማግለል ሽንፈት እንደሚያስከትል ለደቡብ ተመልካች በግልጽ ታየው። ከዚያ ወዲህ የደቡብ ኮሌጆች ጥቁር ተጫዋቾችን በብዛት መመልመል ያዙ።

እንግዲህ በሩን የከፈተው ድል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሰበካ ብዛት ያላንቀሳቀሰውን ልብ የውጤት ሰሌዳ አንቀሳቅሶታል። ሆኖም በጥቅም የተከፈተ በር የሚያስገባው ጠቃሚ የሆነውን ክፍል ብቻ ነው። ለዚህ ማስረጃችን ያው ቴክሳስ ዌስተርን ነው። ዋንጫውን ካገኘ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1968፥ ጥቁር አትሌቶቹ ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንወዳደርም አሉ። ምክንያታቸው ያን ዩኒቨርሲቲ የምታስተዳድረው ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮችን ከክህነት ትከለክል ስለ ነበር ነው፤ ክልከላው በ1978 ተነሥቷል። ኮሌጁ አትሌቶቹን ከቡድኑ አስወጣቸው። ከእነርሱም አንዱ ቦብ ቢመን በዚያው ዓመት በሜክሲኮ ኦሊምፒክ 8 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር ዘልሎ ዓለምን ያስደነቀው ነው። በሚከተለው ዓመት የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ በተመሳሳይ ጉዳይ 14 ጥቁር ተጫዋቾችን አሰናበተ፤ ይቅርታ የጠየቀውም ከ50 ዓመት በኋላ በ2019 ነው። እግሮቻቸውና እጆቻቸው ተፈልገው ነበር፤ ኅሊናቸው ግን አልተፈለገም። ካንት «መሣሪያ ብቻ» ያለው ይህን ዐይነቱን አያያዝ ነው።

ሕግ የከፈተው በር

የሴቶች ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዷል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሴቶችን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚመሩ ብዙ አስተማሪዎች ጠንካራ ውድድር ለሴት ልጅ አይስማማም ብለው ያምኑ ስለ ነበር፥ በብዙ ኮሌጆች ሴቶች ይፈቀድላቸው የነበረው ቀለል ያለ የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነበር። በዚህ ዘመን ለውድድር ሰፊ በር ከከፈቱት መካከል የጥቁሮች ኮሌጆች ይገኛሉ። በታስኪጊና በኦልባኒ ስቴት የተማረችው አሊስ ኮችማን በ1948 በለንደን ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ አንደኛ ስትወጣ፥ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በ1960 በሮም፥ የአገራችን ልጅ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ባሸነፈበት ኦሊምፒክ፥ የቴኔሲ ስቴት ተማሪ ዊልማ ሩዶልፍ ሦስት ወርቅ አግኝታለች፤ በ4 ጊዜ 100 ሜትር ዱላ ቅብብል አሸናፊ የሆኑት አራቱም ሴቶች በኤድ ቴምፕል የሠለጠኑ የአንድ ኮሌጅ ልጆች ነበሩ። ይሁን እንጂ የጥቅም ሚዛን ለሴቶች በሩን አልከፈተም። የሩዶልፍ ድል ሌሎቹን ኮሌጆች ሴቶችን እንዲመለምሉ አላደረጋቸውም፤ በሴቶች ውድድር የሚገኝ ገቢ አለ ብሎ የሚያስብ አልነበረምና።

ስለዚህ በሩን የከፈተው ሕግ ነው። በሰኔ ወር 1972 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የፈረሙበትና «ርእስ 9» በመባል የታወቀው ድንጋጌ፥ ከመንግሥት ገንዘብ በሚረዳ የትምህርት ሥራ ውስጥ ማንም ሰው በጾታው ምክንያት እንዳይገለል ይከለክላል። ለሕጉ መውጣት ከደከሙት አንዷ የሃዋይ ተወካይ ፓትሲ ሚንክ ነበሩ፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው ሐኪም ለመሆን ፈልገው የሕክምና ትምህርት ቤቶች አልቀበልም ያሏቸው ሴት ናቸው። በድንጋጌው ውስጥ «ስፖርት» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። ነገር ግን የኮሌጅ ስፖርት የትምህርት ክፍል ነው ሲባል ስለ ኖረ፥ ሕጉ ሲመጣ ከትምህርት ውጭ ነኝ ማለት አልተቻለውም።

ሕግ መውጣቱና ሕግ መፈጸሙ ግን የተለያዩ ናቸው። በመጋቢት 1976 የዬል ሴት ቀዛፊዎች ከልምምድ በኋላ የሚታጠቡበት ቦታ ስላልነበራቸው፥ ወንዶቹ ሞቅ ባለ ውኃ ሲታጠቡ እነርሱ በክረምት ብርድ እርጥብ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በአውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ከእነርሱም 19ኙ በአምበላቸው በክሪስ ኧርንስት መሪነት ወደ አንዲት የስፖርት ኃላፊ ቢሮ ገብተው ልብሳቸውን አወለቁ፤ በገላቸው ላይ የሕጉ ስም በቀለም ተጽፎ ነበር። አምበላቸውም ብርድ የሚጎዳው ይህን ገላ ነው የሚል ፍሬ ነገር ያለው መግለጫ አነበበች። ወሬው በኒው ዮርክ ታይምስ ወጣ። የመጀመሪያው የኮሌጅ ውድድር በቀዘፋ ከተደረገ 124 ዓመት በኋላ፥ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የቀዛፊ ሴት የመታጠቢያ ውኃ መነጋገሪያ ሆነ።

በ1984 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሕጉን ወሰን ቢያጠብበውም፥ ምክር ቤቱ በ1988 የፕሬዚዳንት ሬገንን ተቃውሞ ሽሮ ወሰኑን መለሰው። የብራውን ዩኒቨርሲቲ በ1991 የሴቶች ጂምናስቲክንና መረብ ኳስን በጀት ሲነፍግ ተማሪዎቹ ከሰሱ፤ ዩኒቨርሲቲው ሴቶች ለስፖርት ያላቸው ፍላጎት ያነሰ ነው ብሎ ቢከራከርም፥ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1996 አልተቀበለውም። ዕድል ያልተሰጠው ሰው ፍላጎቱ አነስተኛ መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ሕጉ ሲወጣ በኮሌጅ የሚወዳደሩት ሴቶች 30 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ናቸው።

ወንበሩ የማን ነው?

እስካሁን የተናገርነው ስለሚጫወቱት ነው። አሁን ስለሚያዝዙት እንናገር። ጆን ማክሌንደን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ በ1930ዎቹ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የቅርጫት ኳስን ከፈጠሩት ከጄምስ ኔይስሚዝ ዘንድ ቢማሩም በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ መጫወት አልተፈቀደላቸውም። በ1944 ያሠለጠኑት የጥቁሮች ኮሌጅ ቡድን ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ጋር በተዘጋ አዳራሽ በምሥጢር ገጥሞ 88 ለ 44 አሸነፈ። ከ1957 እስከ 1959 የቴኔሲን የጥቁሮች ኮሌጅ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለብሔራዊ ዋንጫ አበቁ። ይህን ሁሉ ሠርተው ሳለ ነጮች በሚበዙበት ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝነት ያገኙት በ1966 በክሊቭላንድ ስቴት ነው፤ ያንጊዜም በዚህ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሳቸው ነበሩ። ዋሽንቱን ከሁሉ አሳምሮ የሚነፋው ሰው ሠላሳ ዓመት ደጅ ጠና።

የእግር ኳሱ ወንበር ከዚህም ዘገየ። በከፍተኛው ክፍል የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ዊሊ ጄፍሪስ የተሾሙት በ1979 ነው። ጥቁር ዋና አሠልጣኝ የሚመራው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክፍል ለዋንጫ ጨዋታ የደረሰው በጥር 2025 በማርከስ ፍሪማን ዘመን ነው። የአላባማ ሜዳ ከተሸነፈበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ይህ 54 ዓመት ይሆናል።

በሴቶች በኩል ያለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። በ1972 የሴቶችን ቡድን ከሚያሠለጥኑት ከ100 እጅ ከ90 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ፤ በ2014 ግን ወደ 43 እጅ ወርደው ነበር። ለሥራው ገንዘብና ክብር ሲጨመርለት ወንዶች ፈለጉት። በ1971 በሴቶች የተቋቋመውና በሴቶች ይመራ የነበረው የሴቶች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበርም፥ ለወንዶች ብቻ ውድድር ያዘጋጅ የነበረው ትልቁ ብሔራዊ ማኅበር በ1981 የሴቶችን ዋንጫ ሲጀምር ፉክክሩን ስላልቻለ በሚከተለው ዓመት ሥራውን አቆመ። ይህ ሁኔታ በ1954 የትምህርት ቤቶች መለያየት በፍርድ ከተከለከለ በኋላ በደቡብ የሆነውን ያስታውሰናል። በዚያም የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቹ ገቡ፤ ብዙ ጥቁር መምህራን፥ ርእሳነ መምህራንና አሠልጣኞች ግን ሥራቸውን አጡ።

ከዚህ የምንረዳው ሁለቱም በሮች የተከፈቱት ለተጫዋቹ ልክ መሆኑን ነው። ድል የሚቆጥረው ነጥብን ነው፤ የሕጉም አፈጻጸም በስፖርት በኩል አብዝቶ የቆጠረው የተሳታፊዎችን ቁጥር ነው። ስለ ወንበሩ በቀጥታ የሚጠይቀው «ሹመትና ሥልጣን ለሁሉ ክፍት ይሁን» የሚለው የሮልስ ሚዛን ነው። ወንበሩ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ የሳውዝ ካሮላይናዋ ዋና አሠልጣኝ ዶን ስቴሊ አሳይተዋል። እኒህ ጥቁር ሴት በ2017፥ በ2022ና በ2024 ቡድናቸውን ለአገሪቱ ዋንጫ አብቅተዋል።

አንድ መቃወሚያ

«ችሎታ ብቻ ይመዘን፤ ዘርና ጾታ ጨርሶ አይነሣ» የሚሉ አሉ። አሳቡ ያማረ ነው፤ የአርስጣጣሊስም ዋሽንት ይህንኑ የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ዋሽንት ይዞ የማያውቅ ሰው አሳምሮ መንፋቱ በምን ይታወቃል? ማክሌንደን በካንሳስ፥ ዋርድ በሚሺጋን የቀሩት ችሎታቸው ተመዝኖ አይደለም። ችሎታን ለመመዘን አስቀድሞ ሁሉን ወደ ሚዛኑ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ሌሎች ደግሞ ልዩ ልዩ ዘርና ጾታ መቀላቀሉ ለትምህርት ጥቅም ስለሚሰጥ ደግ ነው ይላሉ። የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1978 በተማሪዎች ቅበላ ጉዳይ ይህን ምክንያት የሚያስተናግድ በር ከፍቶ ነበር፤ በ2023 ግን ዘርን የሚቆጥረውን የሃርቫርድንና የኖርዝ ካሮላይናን የቅበላ አሠራር ሲሽር፥ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ተገኘ የሚባለው ጥቅም ሊለካ አይችልም የሚል ነው። እንግዲህ በጥቅም ላይ ብቻ የቆመ መብት፥ ጥቅሙን የሚለካው ሰው ሲለወጥ አብሮ ይወድቃል። ጄራልድ ፎርድ በ1999 በኒው ዮርክ ታይምስ በጻፉት ጽሑፍ ለጥቁር ተማሪዎች የሚደረገውን የቅበላ ድጋፍ ሲከላከሉ ያስታወሱት ከ65 ዓመት በፊት ከሜዳ የቀረውን ጓደኛቸውን ዊሊስ ዋርድን ነበር። ፎርድ ያነሡት የተበደለ ሰው ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የጥቅም ሚዛን በሩን ፈጥኖ ሊከፍት ይችላል፤ ግን የሚያስገባው የሚፈልገውን ያህል ነው። የክብር ሚዛን የገባው ሰው ኅሊናውን በር ላይ ትቶ እንዲገባ እንዳይገደድ ይጠብቀዋል። የፍትሕ ሚዛን ደግሞ ከተጫዋቹ አልፎ ማን ይሾማል፥ ማንስ ይወስናል ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱ ካልተደጋገፉ እኩልነቱ ጎደሎ ነው።

ይህ ጥያቄ የአሜሪካ ብቻ ነው ብለን አንታለል። በየትኛውም ኮሌጅ የቡድኑን ስም ዝርዝር ከማየት በኋላ የሹማምንቱን ስም ዝርዝር ማየት ይገባል። ከሁሉ ይልቅ ግን በ1941 ስለ አንድ ጓደኛቸው ፊርማ ሲያሰባስቡ የታገዱትን ሰባት ተማሪዎች ልናስባቸው ይገባናል። ፕሬዚዳንት ወይም አሠልጣኝ አልነበሩም፤ እንደኛው ተማሪዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲያቸው እነርሱ ያዩትን ለማየት 60 ዓመት ፈጅቶበታል። በጽሑፋችን የጎደለውን መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን በክርክር ያሟሉልን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን።